ለይርገዱ ማን ይንገራት?

በሳቢያን ሰፈር ይርገዱን በማለዳ ማየት የሚወድ ሰው የለም። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ መርዶ የምታረዳው እሷ ስለሆነች ነው። ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን ተከናንባ ብቅ ስትል "ዛሬ ደግሞ የማንን ቤት ልታንኳኳ ይሆን?" እያልን በራችንን እንዘጋለን። እሷ ግን እንዳላየች ሆና፣ በተዘጋው በር ላይ "እንደምን አደራችሁ" ብላ ታልፋለች። እኔ ብሆን ተሳድቤ ነበር የማልፈው።

የቆመ ሰው አታረዳም፤ መጀመሪያ ታስቀምጣለች። የተጣደ ድስት ካለ ራሷ ታወርደዋለች፤ ሕፃን ካለ ከእናቱ እቅፍ ትቀበላለች። ከዚያ "ታሟል፣ ጠንቶበታል" እያለች አታንዛዛም፤ "ሞቷል እህቴ" ትላለች። ዋናው ሥራዋ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ድንኳኑ ፈርሶ እኛ ወደየጉዳያችን ስንበተን እሷ ለቅሶ ቤቱን አትተወውም። ልብስ ታጥባለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ የሞተውን ሰው በስሙ እየጠራች ታጫውታለች። የቤተክርስቲያን ሰው ናትና፣ ሐዘንተኛው ጆሮ ሲሰጣት ደግሞ ስለ ትንሣኤ ትናገራለች።

አንድ ልጅ ነበራት፣ ነህምያ። የፋብሪካ ሥራውን ትቶ ባሕር ሊሻገር በጅቡቲ በኩል ከሄደ ወራት አልፈዋል፤ አልደወለም። ይርገዱ ስልኳን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ትውላለች። ከጅቡቲ የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ካገኘች ፎቶውን ሳታሳይ አታልፍም። "ይደውላል" ትለን ነበር፣ እኛ ሳንጠይቃት።

ወሬውን ያመጣው ወርሳሜ የሚባል ሾፌር ነው። ጀልባዋ ሰጥማለች፤ ነህምያን የቀበሩት የተረፉት ጓደኞቹ ናቸው። ጎረቤቷ በድሪያ ቤት ተሰብስበን እርስ በርስ ተያየን። ያን ሁሉ ዓመት እሷን ስንልክ ማንም መርዶ ማርዳት አልተማረም ነበር። ያሳፍራል።

"ወላሂ እኔ አልችልም አቦ!" አለች በድሪያ። "ባሌ የሞተ ጊዜ ያረዳችኝ እሷ ናት። በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

በመጨረሻ ነገሩ ቢታንያ ላይ ወደቀ፤ በቤተክርስቲያን ከይርገዱ ጋር የምታገለግል፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። በማለዳ ወደ ይርገዱ ቤት ስንሄድ እኛ ትልልቆቹ ከኋላዋ ተደበቅን።

ይርገዱ በሩን ከፍታ አንድ በአንድ አየችን። ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር በማለዳ የሚመጣ ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። "ግቡ" አለች። ቢታንያ እንደቆመች "እማማ... እማማ..." ትል ጀመር። ይርገዱ እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

"አይዞሽ ልጄ፣ አታንዛዢው። ነህምያ ነው?"

"አዎ እማማ።"

"ሞቷል?"

"ሞቷል።"

ከዚያ ጮኸች። ያን ጩኸት መቼም አልረሳውም። እኛም "አይዞሽ፣ በርቺ" እያልን ተንጫጫን፤ ለሐዘንተኛ እንዲህ እንዳንል ስንት ጊዜ ተቆጥታን ነበር!

እኩለ ቀን ላይ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ የቢታንያን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

"ለሰው የምናገረውን ለራሴ ብለው ብለው አልገባ አለኝ። አንቺ ንገሪኝ።"

ልጅቷ ወደ እኛ ዞረች። ማናችንም አልረዳናትም። "ጌታ ይመጣል እማማ" አለች። "የሞቱት ይነሣሉ። ነህምያንም ታዪዋለሽ። ታቅፊዋለሽ።"

ይርገዱ መሬት መሬቱን እያየች ሰማቻት።

"አላመንኩሽም" አለች። ክንዷን ግን አልለቀቀችም። "ነገም ነይና ንገሪኝ።"