አስተኚዋ ዝም ያሰኘችው ጩኸት

በሆስፒታሉ ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ቀዶ ሐኪሙ ድረስ «አስተኚዋ» ነው የሚሏት። ማደንዘዣ ሰጪ ናት። እጇ ቀላል፣ አፏ ጨዋታ አዋቂ ስለሆነ የፈራ በሽተኛ ሲመጣ «እሷ ዘንድ ውሰዱት» ይባላል። ፊቱ ላይ ጭምብሉን እያስጠጋች ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፤ የትንሹን ስም ሳይጨርስ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ቀዶ ጥገና ክፍሉ አንድ ነበር፤ መስኮቶቹ በነጭ ቀለም ተቀብተው ብርሃን እንጂ ሰው የማያሳዩ። በአልጋው ራስጌ የልብ ምት የሚያሳየው ማሽን ቆሟል። በግርጌው ደግሞ ሐኪሙ የሚደሙ ሥሮችን በኤሌክትሪክ እየተኮሰ የሚዘጋበት ማቃጠያ አለ። ሁለቱ እንደ ጣውንት ናቸው። ማቃጠያው በሠራ ቁጥር የልብ መስመሩ ሕፃን እርሳስ ይዞ የሞነጫጨረው ይመስላል፤ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያም ቁጥሩን ይዘባርቃል፤ ማስጠንቀቂያው ያንባርቃል። ማቃጠያው ሲነሳ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የጥገና ባለሙያው ገመዶቹን አራራቀ፣ መሰኪያውን ለወጠ፣ በመጨረሻም እጁን አራግፎ «እንግዲህ ከነአመሉ መኖር ነው» ብሎ ሄደ።

ከነአመሉ ኖሩ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል አይደል የሚባለው? ማሽኑ ሲጮህ ሐኪሙ ቀና ሳይል «እስቲ ዝም አሰኚልኝ» ይላል፤ አስተኚዋም ጣቷን ዘርግታ አዝራሩን ትጫናለች። ከጊዜ በኋላ መናገሩም ቀረ፤ ጣቷ ራሱ ያውቀዋል።

በሽተኛዋ ፀጉር ሠሪ ነበረች። የሐሞት ጠጠሯን ለማስወጣት በእግሯ መጥታ አልጋው ላይ ወጣች። ጋደም ብላ የአስተኚዋን ፀጉር ከቆቡ ሥር ሰርቃ አየችና «ማነው እንዲህ የበደለሽ?» አለቻት።

«ጊዜ ነዋ» አለች አስተኚዋ።

«ጊዜ መቀስ አይዝም። ድኜ ልውጣና እኔ ቤት ትመጫለሽ። ደግሞ ስነቃ ፊቴ የምትቆሚው አንቺ ሁኚ፤ ሐኪማችሁ ሲያዩት ገና የተቆጣ ነው የሚመስለው።»

ሐኪሙም ሳይቀር ሳቀ። ሁሉም እየሳቁ ነው የተኛችው።

ሥራው መጀመሪያ በደህና ሄደ። ሐኪሙ ሐሞት ከረጢቱን ከጉበቱ ማላቀቅ ሲጀምር ግን ደም አስቸገረው። ይተኩሳል፣ በፋሻ ይጠርጋል፣ ከረጢቱን ሳብ ያደርጋል፣ ደግሞ ይተኩሳል። ማሽኑ ጮኸ። አስተኚዋ ዝም አሰኘችው። መስመሩ እንደ ልማዱ ተሞነጫጨረ። የምትቀጥለውን መድኃኒት በመርፌ ልትቀዳ ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች። ማሽኑ ደግሞ ጮኸ፤ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ልካ ዘጋችው። ማቃጠያው እየተነሳ እየተመለሰ፣ የሥጋ ጭስ እየሸተተ፣ ጥቂት ቆየ።

«ደሙ ጠቆረብኝ» አለ ሐኪሙ ድንገት፣ እጁን አንስቶ።

ማቃጠያው ከተነሳ መስመሩ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም። ከዳር እስከ ዳር እንደ ተወጠረ ክር ተዘርግቷል። አስተኚዋ ጣቶቿን የሴትየዋ አንገት ላይ አሳረፈች። ከቆዳው ሥር ምንም የለም።

«ዶክተር፣ ልቧ ቆሟል!»

እሱ ደረቷን ተጫነ፣ እሷ መድኃኒት ሰጠች፣ አየር ነፋች፤ ላባቸው ጠብ እስኪል ታገሉ። ልቧ ተመለሰ። ፀጉር ሠሪዋ ግን አልነቃችም፤ አንጎሏ ደም ሳያገኝ ብዙ ቆይቶ ነበር። ሐሞት ሲሳብ አንዳንዴ ልብ እንደሚዘገይ፣ ሲብስም እንደሚቆም ሁለቱም ያውቃሉ፤ በጊዜ ከተደረሰበት በአንድ መርፌ ይመለሳል። መቼ እንደቆመ ግን ማንም ሊያውቅ አልቻለም፤ ሙንጭርጭሩ ሸፍኖታል።

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ። «ለቤተሰቡ ልቧ ማደንዘዣውን አልቻለውም በሏቸው። ውሸት አይደለም፤ ይሄ በየትም አገር ያጋጥማል።»

ሐኪሙ ጫማውን ያያል።

«እውነትም አይደለም» አለች አስተኚዋ።

«የእኔ እህት፣ አፍሽን ከከፈትሽ የምትጎጂው አንቺ ብቻ አይደለሽም።»

በሩን ከፍታ ወጣች። ኮሪደሩን ይዛ ቀጥ ብላ ሄደች። የፀጉር ሠሪዋ ባል፣ አውቶቡስ ነጂው፣ የሚስቱን ጫማ በፌስታል ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠች። ስለ ማሽኑና ስለ ማቃጠያው፣ ጩኸቱን ስለ መልመዳቸው፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረችው።

ሰውየው «እና ጥፋቱ የማሽኑ ነው የአንቺ?» አላት።

«ማሽኑማ ጮኋል። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

ይመታኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢመታት በወደደች። እሱ ግን ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና «ለእናቷ እኔ አልነግርም። አቅም የለኝም። መጥተሽ ራስሽ ንገሪያት» አለ።

ሄደች። እናትየው ሰምተው ሲጨርሱ «ውጪልኝ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ፀጉር ሠሪዋ በራሷ መተንፈስ ስትጀምር ወደ ቤት ተወሰደች። ዓይኗ ይገለጣል፤ የሚያየው ነገር የለም። አስተኚዋ አፏን በመክፈቷ ከሥራ ታግዳ ስለነበር በየሳምንቱ እየሄደች ማገላበጡን፣ በአፍንጫ በገባው ቱቦ መመገቡን፣ አክታ መምጠጡን ለባልየው አሳየችው። እናትየው አንድም ቀን ሰላምታ አልመለሱላትም፤ በር ግን ይከፍቱላታል። አንድ ከሰዓት ሁለቱ ብቻ ሆነው የሴትየዋን ገላ ሲያጥቡ፣ እናትየው ውሃውን እያፈሰሱ «በልጅነቷ ውሃ አትወድም ነበር» አሉ። ለማን እንደተናገሩት አስተኚዋ አላወቀችም፤ ጀርባዋን ማሸቷን ቀጠለች።

ቤቷም ሰላም አልነበረም። እሑድ ቀን ባሏ፣ አናጢው፣ ምሳ በልቶ ሸለብ ሲያደርገው አንገቱ ላይ ጣት አረፈበት።

«አለሁ ባክሽ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «አሁንስ ሞቼም የምታስተኚኝ አይመስለኝም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ፊቷን አዙራ አለቀሰች፤ ተነስቶ ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አስጠጋ። ከዚያ በኋላ በዚያ ነገር አልቀለደም።

ፀጉር ሠሪዋ በክረምቱ መውጫ ሳንባዋ ታመመና ሞተች። አስተኚዋ ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆመች። እንድትመለስ የተጠራችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይቅር ተብላ ሳይሆን ሌላ ማደንዘዣ ሰጪ ጠፍቶ። ማሽኑም ማቃጠያውም እነዚያው ናቸው። ሐኪሙ ግን ሳትጠይቀው ከመተኮሱ በፊት «ልጀምር?» ይላታል፤ እሷ ጣቷን በሽተኛው አንገት ላይ አድርጋ «ጀምር» ካላለችው አይነካም። ሲተኩስም ቶሎ ቶሎ እያቆመ መስመሩ እስኪመለስ ይጠብቃል። ሥራው ተንቀረፈፈ፣ ተረኛ በሽተኞች አጉረመረሙ፣ ሥራ አስኪያጁ ተነጫነጨ። ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ሥራ ከጀመረች በኋላ እናትየውን ልትጠይቅ ሄደች። ደጅ ላይ ሳለች ከበፊቱ ይልቅ ጠጋ ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ ክፉ ሰው አይደለሽም» አሉ። «ግን ከእንግዲህ አትምጪብኝ። አንቺን ባየሁ ቁጥር ልትቀሰቅሺያት የመጣሽ ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ አልጋው ባዶ ነው።»

«እሺ፣ እማማ» አለች።

ውጭ ዝናብ ጀምሯል። ባልየው አውቶቡሱን አስነስቶ ወደ ሥራ ሊወጣ ነበርና የፊቱን በር ከፈተላት። ከኋላው ባለው ወንበር ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ የመስታወት መጥረጊያው ይንቀጫቀጫል። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ስትወርድ በመስታወቱ አያት።

«በርቺ» አላት፤ በምኑ እንደሆነ ግን አልነገራትም።