የጣራ ገዳሙ ስላይድ

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ለአርባዋ ትልቅ ፎቶ አስፈለገ። ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ያገሩን ሰው ሁሉ ሳነሳ የኖርሁ ሰው፣ የእሷ ምስል ያለበት ፊልም ሁለት ብቻ አገኘሁ። አንዱ ኔጋቲቭ ነው፤ ለመታወቂያ ያነሳኋት፣ እንደ ጊዜው ልማድ አፏን ገጥማ፣ አንገቷን አቅንታ። ሌላው አንድ ቱሪስት በሰጠኝ የስላይድ ፊልም ያነሳሁት ነው። ጣራ ገዳም ለንግሥ ሄደን፣ ካሜራውን ስደግን ድንጋይ አደናቅፎኝ ስንገዳገድ በሳቅ ፈነዳች።

«ጥርስሽን ክደኚ» አልኋት።

«መጀመሪያ አንቱ በእግርዎ ይቁሙ!»

ያን ጊዜ አነሳኋት።

ልጃችን ከዩኒቨርሲቲው ስካነር ተውሳ መጣች። «አባባ፣ የቱን ላስገባ?»

«ስላይዱን።»

ኔጋቲቭ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጎ ይገለብጣል። ስላይድ ግን ራሱ ሥዕሉ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲይዙት እንዳለ ይታያል። አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመለስልኝ ፊቷ ነጥቶ ነበር። አልደነገጥሁም። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ከኔጋቲቭ የለመድሁት ግን የሰው ፊት እንዳይጠቁር ብርሃን መጨመርን ነው። ቢበዛም ፊልሙ ውስጥ ይቆያል፣ ሲታተም ይወጣል። ለስላይዱም እንደዚያው ጨምሬለት ነበር። ፊቷ እዚያ ውስጥ አለ፣ አንድ ቀን መሣሪያ ያወጣዋል ብዬ ያን ሁሉ ዓመት አስቀመጥሁት።

ስክሪኑ ላይ የቀሚሷ ጥልፍ መጣ። ከዚያ በላይ ባዶ ነጭ። ልጄ ብርሃኑን ቀነሰችው፤ ነጩ አመድ መሰለ እንጂ ዓይንም አፍም አልወጣበትም።

«አባባ፣ የለም እኮ።»

«እንደገና ሞክሪ።»

«ስላይድ ላይ የበዛ ብርሃን ሥዕሉን ይበላዋል፤ ፊልሙ ላይ የሌለውን ከየት ላምጣው?»

ሰው ሥራውን በቅጡ ሳያውቅ መድፈር የለበትም። ልጆቼን ያሳደግሁት ይኸንን እየነገርሁ ነው።

ኔጋቲቩን አስገባች። ተጫጭሮም፣ አቧራ ጠጥቶም ፊቷ ምንም ሳይጎድል ወጣ፤ ኮስተር ያለ፣ ዝም ያለ። ልጄ ብዙ አየችውና፣ «እማዬን እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም» አለች።

ለአርባዋ እሱን ሰቀልን። ለቀስተኛው «ቁርጥ እሷን!» እያለ አለቀሰ። ስሕተት ሰምቼ ሳላርም የማላልፍ ሰው ያን አለፍሁት።

ስላይዱን አሁንም ጠዋት ጠዋት ወደ መስኮቱ እይዘዋለሁ። ከኋላዋ ያለው ጽድ ቅርንጫፉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ሳቋ ከዓይኗ ይጀምር እንደሆን ከአፏ፣ እኔም እየጠፋብኝ ነው።