አባባና ዝም ያለው ጂን

ነገ ልሄድ ዛሬ አመሻሽ ላይ እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና፣ "አባትሽ ሽንት ቤት ሲቀመጡ ደም ይወርዳቸዋል፤ እንዳልነግርሽ አስምለውኝ ነበር" አለችኝ። አባባ ላሊበላ ሲቀድሱ የኖሩ ቄስ ናቸው፤ ስለ ሆዳቸው ለሰው አያወሩም። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እቀራለሁ አባባ።"

"ቀርተሽ ምን ልታደርጊልኝ? ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው ሂጂና ተማሪ።"

ሄድኩ። ኖርዌይ፣ በርገን የምትባል ከተማ ገባሁ። እኛ አገር መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ያባራል፤ እዚህ መስከረም አይል ጥር አይል ይዘንባል። ፊስከቦለር የሚሉት ነጭ የዓሣ ድቡልቡል አለ፤ ከጨው በቀር ቅመም የሚባል አያውቅም። ጎረቤትን ሰላም ብትሉት ይደነግጣል።

ቤት ያከራየችኝ አሮጊት ሥራዬን ጠየቀችኝ። በጀማመርኳት ኖርዌጅኛ "የሰው አንጀት እቆርጣለሁ" አልኳት። ቁልፉን ይዞ የተዘረጋው እጇ ተመለሰ።

"እኔ ኩሽና ውስጥ?"

"ኧረ ላብራቶሪ ነው!"

"ቢሆንም ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ምንም እንዳታስገቢ።"

ሽሮና በርበሬዬን ሳይቀር አልጋዬ ስር አኖርኩ።

ዩኒቨርሲቲው ገና እንደገባሁ የጥናት ርዕስ ምረጪ ሲሉኝ የአንጀት ካንሰር ብዬ ነበር። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴን በስልክ ነዝንዤ አባባን አዲስ አበባ አስወሰድኳቸው። ያው የፈራሁት ሆነ። ዕጢውን ቆርጠው አወጡት፤ ግን ካንሰሩ ጉበታቸው ላይ ደርሷል። ሐኪሙ ይህን ለወንድሜ ነገረው፣ ወንድሜ ለኔ። ለአባባና ለእናቴ የነገራቸው የለም።

እኔ ላብራቶሪዬ ውስጥ ነበርኩ። የሰውነታችን ሕዋስ ሪሴፕተር የሚባሉ መልእክት ተቀባዮች አሉት፤ "ማደግ ይብቃህ" የሚለውን ትእዛዝ የሚሰሙለት አንዳንዶቹ ናቸው። የአንድ ታማሚን ጤነኛ አንጀትና ዕጢ ጎን ለጎን ስመረምር፣ ጤነኛው ውስጥ የሚሠራው የሪሴፕተር ጂን፣ ማለትም ሪሴፕተሩ የሚገነባበት በዲኤንኤ የተጻፈ መመሪያ፣ ዕጢው ውስጥ ዝም ብሏል። ጂኑ አልተበላሸም። ሜቲል የሚሉት ደቃቅ ነገር ዲኤንኤው ላይ ተለጥፎ እንዳይነበብ አድርጎታል።

አባባ አገግመው ላሊበላ ተመልሰዋል፤ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደውዬ ይህን ነገርኳቸው።

"ጽሑፉ አለ፣ ማንበብ ግን አልተቻለም ነው የምትይኝ?"

"አዎ አባባ።"

"የተለጠፈው ቢላጥስ?"

"መድኃኒት ጨመርንበትና ተላጠ። ጂኑም መሥራት ጀመረ።"

"እሰይ! ሰው ላይ?"

"የለም፣ ሳህን ላይ ያሳደግናቸው ሕዋሳት ላይ ነው።"

"ሳህኑ ታድሏል" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሰው መጣብኝ ብለው ስልኩን ለእናቴ ሰጧት።

"አባትሽ ወጥተዋል" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አሁን ለኔ ንገሪኝ። ያ ዕጢ ሁሉም ወጥቶላቸዋል ወይስ የቀረ አለ?"

የላሊበላ መስመር ሌላ ጊዜ ጨዋታችንን ሳንጨርስ ይቋረጥ ነበር። የዚያን ቀን ግን ተቋረጠብኝ እንዳልል እናቴ ስትተነፍስ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።