ሰርቨሩ ላይ የተያዘ ተራ

ቆቦ ውስጥ የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ዳታቤዝ ጠባቂ ሳለሁ አለቃዬ አንድ ቁጥር ወደዱ። ሎድ አቨሬጅ ይባላል፤ ሰርቨሩ ላይ በአማካይ ስንት ሥራ እየተሠራ ወይም ተራ እየጠበቀ እንደሆነ ይናገራል። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን እንዲታይላቸው አዘዙኝ። ከዞን ጎብኚዎች በሚመጡበት ዕለት ግን ቁጥሩ ሰማይ ነካ።

ከፍቼ ባየው ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ሥራው ሁሉ ያረጀው ዲስክ በር ላይ ተኮልኩሏል። አዳራሽ ገብቼ ሠራተኞቹን ብጠይቅ ነገሩ ተገለጠልኝ። እዚህ አገር ሰው ቦኖ ላይ ጀሪካኑን ደርድሮ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ተራውን ጀሪካኑ ይይዝለታል። እነሱም ጠዋት ሲገቡ፣ ባለጉዳይ ኖረም አልኖረ፣ ተራ ለመያዝ ብለው የቀበሌውን ሙሉ መዝገብ ፍለጋ ያዛሉ። ለቅሶ ለሄደች ባልደረባቸው እንኳ በስሟ ይዘውላታል። ሰው እንዲህ ተዛዝኖ ማሽን ሲገድል አይቼ አላውቅም። ተሰዳቢው ግን ማሽኑ ነበር፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

መስኮቱ ፊት ከሮቢት የመጡ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫቸውን እስከ ቀትር ለመስኖ ኮሚቴው ካላሳዩ የውሃ ተራቸው ለሌላ ያልፋል። ሽንኩርታቸው ደግሞ ሌላ ዙር የሚጠብቅ አልነበረም።

ሁሉም ፍለጋውን ይዝጋ ብዬ አለቃዬን አሳመንኩ። ተዘጋ። ቁጥሩ እየወረደ ወርዶ ዜሮ ገባ፤ አለቃዬ በደስታ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ወዲያው ጎብኚዎቹ ዜሮውን በዓይናቸው እስኪያዩ ማንም ሰርቨሩን እንዳይነካ አዘዙ። ሠራተኞቹም እጃቸውን ከኪቦርዱ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

ሽማግሌው ማሽኑ ታሞ እንደሆነ ጠየቁኝ። የለም፣ እንደ ዛሬ ጤነኛ ሆኖ አያውቅም አልኳቸው።

«ጤነኛ ከሆነማ ይሥራ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ማሳዬ እኮ እየደረቀ ነው።»

አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ተቀምጬ መዝገባቸውን መፈለግ ጀመርኩ። ዲስኩ እያቃሰተ ሲሄድ ስክሪኑ ላይ ዜሮው ተነቃነቀና ቀስ እያለ ወደ አንድ ተጠጋ። አለቃዬ ከቢሯቸው ሮጠው ወጡ።

«ማነው ይኼ አንድ?»

«እኚህ ናቸው» አልኩና ሽማግሌውን አሳየኋቸው።

አለቃዬ ከማለዳ ጀምሮ መስኮቱ ፊት የቆሙትን ሰው ያን ጊዜ ገና አዩአቸው። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ማኅተሙን ራሳቸው መቱበት። ከዚያም፣ ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ «ደህና አደሩ፣ አባቴ?» አሏቸው።