በሊሙ መንገድ የተጠራው አፈርሳታ

ይህ የሆነው ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው፣ በኅዳር ወር ነው። ያኔ ጅማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ዛሬ ሰባውን አልፌ የልጅ ልጆቼን ስም ሳይቀር እያምታታሁ መሳቂያ ሆኛለሁ። ይቺን ጉዴን ግን መርሳት አልቻልኩም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ኖሮ ሳይሰማት ነው የሞተው።

አባቴ እዚያው ጅማ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሸዋ መጥቶ ጅማ የቀረ ሰው ነው። እኔ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል እየተናገርኩ አደግኩ። እንግሊዝኛውን ደግሞ ከትምህርት ቤት አገኘሁት። አቤት ኩራቴ! ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ጣል ሳላደርግ ሽንኩርት እንኳ አልገዛም ነበር። እናቴ "ተይ ልጄ፣ አፍንጫሽን ዝቅ አድርጊ፣ እንቅፋት ይመታሻል" ትለኝ ነበር። ማን ሰምቷት!

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ጠራኝ። ከአውስትራሊያ የመጡ ባልና ሚስት የቡናውን አገር ዞረው ማየት ይፈልጋሉ፤ ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይዘዋል፤ ሴትየዋ አስተርጓሚዬ ሴት ትሁንልኝ ብላለች አለኝ። በለቀማ ጊዜ ተማሪው ሁሉ ቡና ሊለቅም ስለሚወርድ ክፍሉ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው። ለአንድ ሳምንት ብጠፋ የሚጎድል ነገር አልነበረም።

በር ላይ ስወጣ ጂፕ ከኋላዋ ቤት አስከትላ ቆማለች። ቤት ስላችሁ ቤት ነው! አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጋረጃ የተጋረደበት መስኮት አለው፣ ውኃ የሚወርድበት ቧንቧ አለው። አሰብ ድረስ በመርከብ አምጥተውት ነው። በአገራቸው ሰው ጡረታ ሲወጣ እንዲህ ያለ ቤት ከመኪናው ኋላ ቀጥሎ ከገጠር ከተማ ገጠር ከተማ ሲዞር ይከርማል አሉኝ። ባልየው ብዙ የማይናገር፣ ሁልጊዜ ጎማ ሥር አጎንብሶ የሚገኝ ሰው ነበር። ሴትየዋ፣ ሚስስ ጆይስ ነው የምላት፣ ወሬ የምትወድ፣ ያየችው ሰው ሁሉ ዘመዷ የሚመስላት ደግ ሴት ነበረች።

መጀመሪያ ሰቃ ሄድን። ስንገባ ገበያው ተፈታ። ሻጩም ገዢውም እቃውን ጥሎ ቤቷን ከበባት። አንዲት አሮጊት ዞር ዞር ብለው አይተው ሲያበቁ "ከአገራቸው ማን አባሯቸው ነው ቤታቸውን ይዘው የወጡት?" ብለው ጠየቁኝ። ስተረጉምላት ሚስስ ጆይስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ወደ ጅማ ተመልሰን በአጋሮ በኩል የሊሙን መንገድ ያዝን። አጋሮን እንዳለፍን ጭቃ ያዘን፤ ለቀማ ላይ የነበረው ሰው ቅርጫቱን እያስቀመጠ መጥቶ፣ እየዘፈነ ገፍቶ አወጣን። ስሜን እንኳ የጠየቀኝ የለም።

ሊሙ ገነት ሳንደርስ አንዲት መንደር አደርን። የመንደሯ ሹም ቆሮ ይባላል፤ በሌላው አገር ጭቃ ሹም የሚሉት ማለት ነው። ደብዳቤውን ሲያይ የንጉሥ እንግዳ የመጣበት መሰለው። በግ ታረደ። ሰዉም ቤቷን ሊያይ ጎረፈ። ሚስስ ጆይስ አባ ቢያ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬን እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። አባ ቢያ ቧንቧውን ከፍተው ዘጉ፣ አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ "ያ ረቢ! ያ ረቢ!" እያሉ ሳቁ። ከዚያ ሴትየዋ ቀለበቷን አውልቃ ደረጃው ላይ አስቀምጣ ሳህን ታጥብ ጀመር።

እኔ ቀለበቱን አየሁት። ይህ ሁሉ ሰው ሲተራመስ ይጠፋል ብዬ አነሳሁት፤ የአገራችን ሴት ሁሉ እንደምታደርገው የነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ልሰጣት ነው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልሰጣት ነበር። ወዲያው ግን ቆሮው በበቅሎ መጣና ማስተርጎም ጀመርኩ። ፀሐዩም ሲበረታ ነጠላዬን አጣጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። በዚያው ረሳሁት።

አመሻሹ ላይ ሚስስ ጆይስ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች። "ቀለበቴን አይተሻል? የእናቴ ነው" አለችኝ።

"እኔ? አላየሁም!" አልኩ፣ ምንም ሳላስብ። በዚህ ብቻ ባቆም ምን ነበረበት! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቆሮው ፊት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በኦሮምኛ እንዲህ አልኩ፦ "ገብቶ ሁሉን ሲነካካ የዋለው ሽማግሌ አይደለም እንዴ? ባላገር እንደሆነ ያየውን ሳይዝ አይወጣም።" ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ቆሮው ተቆጣ። "የመንግሥት እንግዳ በእኔ አገር ተሰርቆ? ነገ አፈርሳታ ነው!" አለ።

ለማያውቀው ልንገር። እቃ ተሰርቆ ሌባው አልታወቅ ሲል የመንደሩ ሰው በሙሉ፣ ሴት ወንድ፣ የታመመ ሳይቀር፣ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። በጥበቃ ይከበባል። ከዚያ ሽማግሌዎች ሰዉን አንድ በአንድ እየጠሩ "ወፏ ምን ነገረችህ?" ይላሉ። የሰማውን የጠረጠረውን ወፍ ነገረችኝ እያለ በጆሮ ያንሾካሹካል። ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በለቀማ ጊዜ እንዲህ ያለ ስብሰባ ምን ማለት እንደሆነ የቡና አገር ሰው ያውቀዋል። ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ቡና ግማሹ ዛፉ ላይ ቀልቷል፣ ግማሹ ሊደርቅ በየግቢው ተሰጥቷል።

ጠዋት ብርድ ስለነበረ ነጠላዬን ከሻንጣ አውጥቼ ለበስኩና ከእንግዶቹ ጋር ሰዉ ወደተሰበሰበበት ዋርካ ሥር ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተቀምጠው ሰው ይጠራሉ። የአብዛኛው ሰው ወፍ ወደ አባ ቢያ ቤት በረረች። ማን ላካት? እኔ ነኛ! አስተማሪዋ ከተናገረች ታውቃለች ማለት ነው። አባ ቢያ በቁርዓን ማሉ። ሰው ግን መሐላቸውን አልተቀበለም፤ ከሕዝቡ ለይተው በጠባቂ አቆሟቸው። ልጃቸው መሬት መሬት እያየ እጁን ሲያፍተለትል ይታየኝ ነበር።

ረፋዱ ላይ ነፋስ ተነሳ። ነጠላዬን ልሰበስብ ስል ጣቴ ቋጠሮ ነካ።

ክው አልኩ። አሁን መናገር ነበረብኝ። "ረስቼው ነው፣ ይኸው" ማለት ነበር። ምን ይሉኝ ነበር? ይስቁብኝ ይሆናል፣ ይሰድቡኝ ይሆናል። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። አስተማሪዋ ሰርቃ በሽማግሌ ላይ አላከከች ሲባል፣ ወሬው ጅማ ሲገባ፣ ከሥራ ስባረር፣ አባቴ መርካቶ ላይ አንገቱን ሲደፋ ታየኝ። ቆይ ትንሽ ልጠብቅ አልኩ። ትንሽ ልጠብቅ እያልኩ ቀትር ሆነ።

ከቀትር በኋላ በስተምዕራብ ደመና ጠቆረ። በኅዳር! ሰዉ ሽማግሌዎቹን ትቶ ሰማዩን ያይ ጀመር። ሴቶቹ ተነሱ። "ቡና ኬኛ! ቡናችን! ልጆች እንኳ ሄደው ይሰብስቡ!" እያሉ ቆሮውን ለመኑ። ቆሮው እምቢ አለ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት እኔ ዘንድ መጥታ ነጠላዬን ይዛ "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አንቺን ይሰማሻል፣ ንገሪልን" አለችኝ። የያዘችው ያንኑ ነጠላ ነው። ሚስስ ጆይስም ጨነቃት፤ "ቀለበቱ ይቅርብኝ፣ ሰዎቹን ልቀቃቸው በይው" አለችኝ። ተረጎምኩ። "የእሷ መተው አይደለም፣ የእኔ አገር ስም ነው" አለ ቆሮው። እኔ በአንድ ቃል ልፈታው የምችለውን ነገር ቆሜ በሁለት ቋንቋ አመላልሳለሁ።

ዝናቡ መጣ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደየቤቱ አቅጣጫ አዞረ። ትንሽ ቆይቶ ከላይኛው ግቢ የተሰጣውን ቡና ጎርፉ ይዞት በፊታችን አለፈ። ቀዩም ጥቁሩም እየተገለባበጠ ቦይ ውስጥ ሲወርድ፣ ጠባቂው ሳይቀር አፉን ይዞ አየው። የአባ ቢያ ግቢ ነበር ከሁሉ በላይ ያለው።

ያኔ መቆም አቃተኝ። ዝናቡን የሸሸሁ መስዬ ወደ ባለጎማዋ ቤት ሮጥኩ። ጎማው ሥር አጎንብሼ ቋጠሮውን ልፈታ ስታገል፣ እርጥብ ጨርቅ ነውና እምቢ አለኝ፤ በጥርሴ ፈታሁት። ቀለበቱን በመዳፌ ይዤ ቀና ስል አባ ቢያ ከቤቷ ጥግ ቆመዋል። ጠባቂያቸው ሊጠለል ትቷቸው ሄዷል። ዓይናቸው እጄ ላይ ነው።

አሁን ይጮሃሉ፣ አለቀልኝ አልኩ። አልጮሁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ጣይውና አንሺው" አሉኝ። አልገባኝም። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቶሎ በይ እንጂ። ሳሩ ላይ ጣይውና አንሺው፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሂድ።"

ጣልኩት። አነሳሁት። ገና ቀና ሳልል እሳቸው ራሳቸው "ተገኘ! አልሐምዱሊላህ፣ አስተማሪዋ አገኘችው!" ብለው ጮሁ።

እልል ያለ የለም፣ የመረቀኝ የለም። ሰው እየወደቀ እየተነሳ ወደየቡናው ሮጠ። አባ ቢያ ከሁሉ በኋላ ዳገቱን ቀስ ብለው ወጡ፤ የሚያድኑት ነገር እንደሌለ አይተውታል። ሚስስ ጆይስ አቅፋ ሳመችኝ። ቆሮው "ጎበዝ! ጎበዝ አስተማሪ!" አለኝ። እሺ ብዬ ሁሉንም ተቀበልኩ።

በዚህ ቢያበቃ ልጅነት ነበር፣ ድንጋጤ ነበር ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። አላበቃም።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ ቆሮውም ከነበቅሎው ከተረሳ በኋላ፣ ለሥራ ወደ ሊሙ ስሄድ እግሬን ጎትቼ አባ ቢያ ቤት ገባሁ። ልነግራቸው፣ በቤተሰባቸው ፊት ይቅርታ ልጠይቅ ቆርጬ ነው። የምለውን መንገድ ሙሉ ስለማመድ ነው የሄድኩት። አርጅተዋል፤ ግን ወዲያው አወቁኝ። ልጃቸውን፣ ምራታቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ጎረቤቱን ጠሩ። ማር ቀረበልኝ። ከዚያ ለልጆቹ ያንን ቀን ይተርኩላቸው ጀመር፤ ጎማ ያላትን ቤት፣ ቧንቧውን፣ አፈርሳታውን፣ ሌባ ተብለው መቆማቸውን፣ ዝናቡን። እዚያ ላይ ሲደርሱ አቆሙ።

"ከዚህ ወዲያ ያለውን እሷ ትንገራችሁ" አሉ። "ቀለበቱ የት እንደነበር የምታውቀው እሷ ናት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባ ቢያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። በር ከፍተው "ግቢ" እንዳሉኝ ገብቶኛል። አፌን ከፈትኩ። ልጃቸው፣ ያ እጁን ሲያፍተለትል የነበረው፣ ዓይን ዓይኔን ያያል።

"ሳሩ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት" አልኩ።

አባ ቢያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አዎ፣ ሳሩ ውስጥ ነበር" አሉና ማሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። "ብዪ ልጄ።" በላሁ።

እሳቸው ካረፉ ቆይቷል፤ በሰው በሰው ሰማሁ። ለቅሶ አልሄድኩም። የመጀመሪያውን ጥፋቴን ፍርሃት ነው ልበለው። ለሁለተኛው ግን ስም አጣሁለት፤ ዳኛ አልነበረ፣ ጠባቂ አልነበረ፣ ከሥራ የሚያባርረኝ አልነበረ። ማር ያቀረበልኝ ቤተሰብ፣ ጎረቤቱና አንድ ደግ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ለብዙ ዓመት ልጆችን ዋሽታችኋል ብዬ ጥግ ሳስቆም፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምፍረው እኔ ነበርኩ።

የአባ ቢያ ልጆችና የልጅ ልጆች ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ቢገባ፣ ያን ቀን መናገር የነበረብኝን አሁን ልናገር። ቀለበቱ ሳሩ ውስጥ አልነበረም። እኔ ጋ ነበር። አባታችሁም ያውቁ ነበር።