አባ ሪዙ የታመመ ሰሞን

ባለፈው ሰሞን ባቲ ገበያ ውስጥ፣ ከአፋር በወረደ ጨው የተሞሉ ጆንያዎች አጠገብ ሳልፍ፣ ያ የረጠበ ጭቃ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ያዝ አደረገኝና፣ ቤቴ ለሦስት ሠርግ የሚበቃ ጨው ያለኝ ሴትዮ ሳላስበው አንድ ኪሎ አስመዘንኩ። ነጋዴው «እህቴ፣ ለወጥ ነው ለከብት?» ቢለኝ «ለዓሣ» አልኩት። ለጥብስ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። ለሕክምና መሆኑን ብነግረው ኖሮ ጨዉን መልሶ ይቀማኝ ነበር።

አባቴ ከሚሴ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ሻይ ቤት ነበረው። በደርግ ጊዜ ስኳሩም ዱቄቱም በቀበሌ ሆኖ ሲጠፋ፣ ባንኮኒው ላይ ያለው የብስኩት መስታወት ሳጥን ዝንብ እንኳ የማይጎበኘው ባዶ ሆኖ ቀረ። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ታዲያ ስንጥቁን በሬንጅ ደፈነና ውሃ ሞልቶ፣ ከቦርከና ወንዝ ያጠመዳትን ጣት የምታህል አምባዛ፣ ያንን ሪዛም ዓሣ፣ ለቀቀበት። አምባዛው አደገ፤ ሪዙም አብሮት አደገ፤ ከቀበሌው ሊቀመንበር ሪዝ ይበልጣል ተብሎ በሹክሹክታ ተሳቀና ስሙ አባ ሪዙ ሆኖ ጸና። ወደ ደሴ የሚወጣ አውቶቡስ ሁሉ እሱን ለማየት ይቆም ነበር። እሺ፣ ሁሉም አይደለም፤ ጎማ የፈነዳበትም ነበር።

ጀማል ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ከጭነት መኪናው ላይ ሆኖ ለእኔ፣ ለአሥር ዓመቷ ዘሐራ የጮኸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስመለስ ዓሣውን እንዳላጣው!» እናቴ ይህን ሰማች። ከዚያ ቀን ወዲህ አባ ሪዙ ዓሣ መሆኑ ቀረ። ከሱብሂ ሶላት ተነሥታ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነበር፤ እሱ ጭራውን ካላነቃነቀ ለእኛም ቁርስ የለም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይኸው ዓሣ ጀርባው ላይ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አበቀለና ጥግ ይዞ ተኛ። የሰባ ትል ይዤለት ብመጣ ፊቱን አዞረብኝ። የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ «ዓይን ነው እንጂ ምን ይሆናል! ለመንገደኛ ሁሉ ግልጥልጥ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁት!» ብለው ሻርፓቸውን ሳጥኑ ላይ ጣሉ። አባቴም «ዓሣ ሊከናነብልን ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ሻርፑን ግን አላነሣውም።

ከዚያ ሼህ ኑሩ ተጠሩ። ዱዓ አድርገው ሲያበቁ፣ ጫት የያዘ አፋቸውን ወደ ውሃው መለስ አድርገው ቱፍታቸውን፣ ያንን በምራቅ የሚሰጥ ምርቃት፣ እንትፍ አሉበት። አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ምርቃታቸውን ይዘው መመለስ አልፈለጉም። አሚን፣ እንትፍ፤ አሚን፣ እንትፍ። ሲያበቁ ውሃው ከጨፋ ሜዳ ማሽላ ይልቅ አረንጓዴ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ከሰንበቴ ገበያ የሚመለስ አንድ የአፋር ጨው ነጋዴ ለሻይ ጎራ አለና ሻርፑን ገልጦ አየ። «ቁስል ነው» አለ። «እኛ የግመል ቁስል በጨው ውሃ ነው የምናጥበው። ይሄን ድፉና በንጹሕ ውሃ ላይ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨምሩበት።» ከኮቱ ኪስ ጥርስ የምታህል ጨው አውጥቶ ሰጠኝ። ዱዓ የተደረገበትን ውሃ፣ ሰው የሚረግጠው ቦይ ውስጥ? «አስተግፊሩላህ!» አለች እናቴ። አባ ሪዙም በበረካ እንደተከበበ መሞቱን ቀጠለ።

ከሁለት ቀን በኋላ በጎኑ ተንጋዶ ሳገኘው ለማንም ሳልናገር ሼህ ኑሩ ዘንድ ሮጥኩ። እያለቀስኩ የነገርኳቸውን ሰምተው «ውሃው ከቦርከና የመጣ አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ። «ለቦርከና መልሱለት። በረካው እስከ ጨፋ ይድረስ።»

እናቴና እኔ ያንን አረንጓዴ ውሃ በጀሪካን ተሸክመን ወረድን። ወንዙ ውስጥ ቀስ አድርጋ ስታፈስ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጠጋ ብዬ የሰማሁት ስም የዓሣ ስም አልነበረም። ንጹሕ ውሃ ቀድተን ተመለስንና የነጋዴውን ጨው ሰባብረን ቆንጠር አደረግን። እኔ ሁሉንም ልጨምር ስል እጄን መታችኝ፤ «ልትቀቅዪው ነው?»

ጥጡ በሳምንቱ ረገፈ፤ አባ ሪዙም ጣቴን ከትሉ ጋር ሊበላ ምንም አልቀረውም። በዚያ ሁሉ ቀን ግን መንደርተኛው ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ፣ ግማሹ «እንዴት አደረ?»፣ ግማሹ በኦሮምኛ «አካም ቡሌ?» ይል ነበር። እናቴም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አደረ» ትላለች። ዓሣ ወዳድ ሰፈር ብዬ ስኮራ ኖሬ፣ የገባኝ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያኔ «ልጅሽ በሕይወት አለ?» ብሎ እናትን መጠየቅ የሚደፍር አልነበረም።

ጀማል መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ሪዙን አሳድጎ በእግሩ መጣ። መጀመሪያ ሳጥኑን አየ፣ ከዚያ እናቴን አቀፈ። በማግስቱም አባ ሪዙን በባልዲ ይዞ ወርዶ ቦርከና ለቀቀው።

ዛሬ እናቴም፣ ሼሁም፣ እትዬ ሐዋም የሉም። ጀማል በሳጥኑ የሞባይል ቻርጀር ይሸጥበታል፤ ሬንጁ አሁንም አለ። ሰፈሩ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ማን እንዴት እንዳደረ ግን የሚያውቅ የለም። እኔም ብሆን ወንድሜን ሳልጠይቀው ወር አልፎኝ ነበር። ከባቲ እንደተመለስኩ ጨዉን ሳላስቀምጥ ደወልኩለት።

«አባ ሪዙ እንዴት አደረ?» አልኩት።

ጀማልም በእናቴ ድምፅ፣ ልክ በእሷ አወራረድ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አደረ» አለኝ።