ሰማያዊ ያደረው ዱቄት

በማቅለሚያ ፋብሪካው በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጋሽ አምፖል» ነው የሚሉት። ሥራው ከጨርቅ ማቅለሚያው የሚወጣውን ውሃ ማጣራት ነው። ውሃው ገንዳ ሲገባ ከአቧራ የደቀቀ ነጭ ዱቄት ይበተንበታል፤ መሐንዲሶቹ «ናኖ» ይሉታል። ዱቄቱ ቀለሙን እላዩ ላይ ይለጥፋል፤ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያሉት መብራቶች ሲበሩበት ደግሞ የለጠፈውን ይበላዋል። ያለ ብርሃን መለጠፍ እንጂ መብላት የለም፤ ዱቄቱ ከጠገበ ደግሞ የተረፈው ቀለም ከውሃው ጋር ያልፋል። ለዚህ ነው ጋሽ አምፖል ቱቦዎቹን በለስላሳ ጨርቅ ሲወለውል የሚውለው። ሚስቱ «እኔን እንኳ እንደዚያ ተንከባክበኸኝ አታውቅም» ትለዋለች።

የማታውን ፈረቃ የያዘው የሚስቱ ወንድም ነው። ሥራ ፈትቶ ሲንቀዋለል ዋስ ሆኖ ያስቀጠረው፣ የቱቦ አያያዝ ያስተማረው እሱ ራሱ ነው።

የተጣራው ውሃ ከፋብሪካው ግርጌ ተነሥቶ በጋሽ አምፖል ሰፈር ወደሚያልፈው ቦይ ይወርዳል። እዚያ የሰው ልብስ እያጠበች የምትተዳደር ጎረቤት አለችው። መጀመሪያ ውሃውን ፈርታ ነበር። «እኔ እያለሁ? እጠቢ፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አላት። ሰሞኑን ግን አንሶላ ይዛ ደጁ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ነጩ ልብስ ሰማያዊ እየሆነብኝ ነው። ደንበኞቼ ሸሹ።»

«ሳሙናሽን ቀይሪያ!» አለና ሰፈሩን አሳቀባት።

አንድ ማለዳ መኪና ያለው ጎረቤት አሳፍሮት ከወትሮው ቀድሞ ደረሰ። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው። አማቹ ወንበር ላይ ያንኮራፋል። ማብሪያውን ሲጫነው ገንዳው ወለል ብሎ ታየው፤ ዱቄቱ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። መብራት በርቶለት ያደረ ዱቄት ደግሞ ነጭ ነው።

«ተነሥ! መብራቱ መቼ ነው የጠፋው?»

አማቹ ዓይኑን እያሸ ተነሣ። «አሁን… አሁን ነው።»

«ዱቄቱን እያየህ ድገመው።»

አንገቱን ደፋ። «ሥራ አስኪያጁ ነው ጋሼ። ኤሌክትሪኩ ከበደን፣ ማታ ማታ አጥፋው አለኝ። ከመምጣትህ በፊት አበራዋለሁ፤ እስክትደርስ ዱቄቱ ይነጣል። ዛሬ እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ታዲያ ቱቦውን ስወለውል ለምን ዝም ብለህ ታየኛለህ?»

«ደስ ይልሃል ብዬ።»

ይህቺ ከሁሉም ባሰችበት። «እህትህ ታውቃለች?»

«አትንገረው፣ ስሜቱ ይጎዳል አለችኝ።»

ጋሽ አምፖል ትከሻው ላይ ያለውን ጨርቅ አውርዶ አማቹ እጅ ላይ አስቀመጠ። ወደ ቦዩ የሚለቀውን መክፈቻ ዘጋና መዘውሩን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«ጋሼ፣ ያባርሩናል እኮ!»

«ያባርሩን!»

ሰፈሩ ተመልሶ ቦዩ ጋ ሲደርስ ልብስ አጣቢዋ አንሶላ ነክራለች። ያን ቀን የሳቁባትም አካባቢው ላይ ነበሩ።

«ሳሙናሽ ምንም አልሆነም» አላት ሁሉም እየሰማ። «እኔን ቤተሰቤ አታለለኝ፣ አንቺን ደግሞ እኔ።»

«ደንበኞቼንስ ማን ይመልስልኛል?»

የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ይዞ አብሯት ይጠመዝዝ ጀመር፤ ሰማያዊው ውሃ በክንዱ ላይ ወረደ። ሚስቱ ከደጃፏ ሆና «ቁርስ ደርሷል!» ብላ ተጣራች። ሰምቷል፤ ግን አልዞረም።